በጥቂት ገንዘብ ስለሚገኝ ብርሃን

ሰው ከዚህ ዓለም በተለየ ጊዜ ቤተ ዘመድ አስቀድሞ ከሚፈልገው ነገር አንዱ ፎቶግራፍ ነው። ሣጥን ይከፈታል፤ በየመጽሐፉ ቅጠል መካከል ይታያል፤ ብዙ ጊዜም የሚገኘው ለመታወቂያ ወረቀት የተነሣ፥ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ሥዕል ነው። ይህንኑ ትንሽ ሥዕል ወስደው ያስተልቁታል፤ በተለቀም መጠን ዓይኑ ይደበዝዛል፥ የፊቱም መሥመር ይጠፋል፤ ለቀስተኛው በመስተዋቱ ውስጥ የሚያየው የሚወደውን አባቱን ሳይሆን የአባቱን ጥላ ነው። ሰማንያ ዓመት የኖረ፥ ልጆች ያሳደገ፥ ደቀ መዛሙርት ያፈራ ሰው እንዲህ ባለ ደብዛዛ ሥዕል ሲሸኝ ማየት ኀዘኑን እጥፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ ነገር ካሰብሁ ወዲህ የአጥቢያችንን ሽማግሌዎችና መምህራን በሕይወት ሳሉ፥ ያውም በየቤታቸው፥ በለመዱት መደብና ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳሉ፥ በመልካም ፎቶግራፍ ማስቀረትን እንደ ሥራ ያዝሁት። ካሜራዬ በጃፓን አገር በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1970 እስከ 1986 ድረስ ይሠራ የነበረው ያሺካ ማት 124 ጂ ነው። (ከዚህ በታች የምጽፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሁለት ሌንሶች አሉት፤ በላይኛው ያዩበታል፥ በታችኛው ያነሡበታል። 120 የሚባለውን ሰፊ ፊልም ይጎርሳል፤ ከአንዱ ጥቅልም 12 ሥዕል ይወጣል፤ የእያንዳንዱም ሥዕል ስፋት ከተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሥዕል ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ይበልጣል። ስለዚህ አስተልቀው በግድግዳ ቢሰቅሉት የሽማግሌው የፊት መሥመር አንድ ሳይቀር ይነበባል።

ዳሩ ግን ሽማግሌዎቻችን የሚኖሩት በጨለማ ቤት ነው። መስኮቱ ትንሽ ነው፤ አምፑሉም አንድ ነው፤ እርሱም መብራት ባልጠፋ ጊዜ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ፈጣን የሚባለው 400 ፊልም እንኳ ቢጎርስ፥ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የካሜራው መዝጊያ የሴኮንድ አንድ ስምንተኛ ያህል መቆየት አለበት። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆም ይቻላል፤ የሰማንያ ዓመት እጅና ራስ ግን እንዳይንቀጠቀጥ የሚያቆም ሦስት እግር የለም። እንግዲህ ብርሃን ከእኛ ጋራ ይዞ መግባት ግድ ይሆናል። ይህም ብርሃን ፍላሽ የሚባለው ነው።

ሰው ፀሐይ በሌለበት ፎቶግራፍ ለማንሣት መድከም የጀመረው ዛሬ አይደለም። ናዳር የተባለው ፈረንሳዊ በ1861 ገደማ ከፓሪስ ከተማ በታች ያለውን የአፅም ዋሻ በኤሌክትሪክ ብርሃን አነሣ። በ1887 አዶልፍ ሚቴና ዮሐንስ ጌዲኬ የተባሉ ጀርመናውያን ማግኒዚየም ያለበትን፥ በቅጽበት ቦግ የሚለውን ዱቄት አወጡ። የዚህ ዱቄት ወሬ አሜሪካ በደረሰ ጊዜ ያዕቆብ ሪስ የተባለው፥ በዴንማርክ ተወልዶ በኒው ዮርክ ጋዜጠኛ የነበረው ሰው፥ ድኾች ተጨናንቀው የሚያድሩበትን ጨለማ ቤት ሌሊት እየገባ አነሣበት። በ1890 መጽሐፉ ሲወጣ የከተማይቱ ባለጠጎች በጎረቤታቸው ያለውን መከራ አዩ። ይህ ትልቅ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ያ ዱቄት እሳት ነበርና ሪስ ቤት ሁለት ጊዜ እንዳቃጠለ ራሱ ተናግሯል፤ ተኝቶ የነበረውም ድኻ ሳይጠየቅ በመብረቅ ይነቃ ነበር። እንግዲህ ይህ ብርሃን ገና ከመጀመሪያው በጎነትና ድፍረት ተያይዘው የመጡበት ነገር መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ከዚያ በኋላ በ1929 በጀርመን አገር በመስተዋት ውስጥ ተዘግቶ የሚነድ፥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል አምፑል ለገበያ ወጣ። በ1931 ገደማም በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሃሮልድ ኤጀርተን ዛሬ የምንይዘውን የኤሌክትሪክ ፍላሽ መሠረት ጣለ። በዚህ ፍላሽ ውስጥ የሚነድ ነገር የለም። የባትሪ ድንጋዩ ኃይል በአንድ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀምና ጋዝ በተሞላ ቀጭን የመስተዋት ቱቦ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይፈሳል፤ ብርሃኑም የሴኮንድ አንድ ሺኛ ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ይቆያል። የሽማግሌው እጅ ቢንቀጠቀጥም በዚህ ቅጽበት ውስጥ እንደ ቆመ ይቈጠራል።

ፍላሽ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የካሜራውን መዝጊያ ዓይነት ይወቅ። መዝጊያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በፊልሙ ፊት እንደ መጋረጃ የሚሳብ ነው፤ ፔንታክስ 67 የሚባለው ታላቅ ካሜራ እንዲህ ያለ ስለ ሆነ ከፍላሽ ጋራ የሚስማማው በሴኮንድ 1/30 ወይም ከዚያ በዘገየ ፍጥነት ብቻ ነው። ከዚያ ቢፈጥን ሥዕሉ በከፊል ጨለማ ይሆናል። ሁለተኛው በሌንሱ ውስጥ ሆኖ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚዘጋ ነው፤ የያሺካ ማት፥ የሮላይፍሌክስ፥ የማሚያ አር ቢ 67፥ የሃሰልብላድ 500 ሲ መዝጊያ እንዲህ ያለ ነው። ይህ በፍጥነቱ ሁሉ ከፍላሽ ጋራ ይስማማል።

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለድኻ ፎቶግራፍ አንሺ ትልቅ ገንዘብ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ። የፍላሽ ኃይል የሚነገረው መሪ ቁጥር በሚባል ነገር ነው፤ መሪ ቁጥሩን በርቀቱ ቢያካፍሉት የሌንሱን ቀዳዳ ቁጥር ይሰጣል። ለ100 ፊልም መሪ ቁጥሩ በሜትር 36 የሆነ ፍላሽ ብንይዝና ሰውየው በ3 ሜትር ላይ ቢቀመጥ፥ 36 ለ3 ሲካፈል 12 ነውና ቀዳዳውን በ11 ላይ እናደርጋለን። በ400 ፊልም መሪ ቁጥሩ እጥፍ፥ ማለት 72 ይሆናል። አሁን በጥምቀት ቀን በእኩለ ቀን ፀሐይ፥ በጥላ ሥር የቆሙ ካህን ፊታቸው ጨለመ እንበል። በ100 ፊልም ፀሐዩ የሚጠይቀው በሴኮንድ 1/500 ቀዳዳ 8 ነው፤ 36 ለ8 ሲካፈል አራት ሜትር ተኩል ነውና ትንሿ ፍላሽ ከአራት ሜትር በላይ ርቃ ፊታቸውን ታበራለች። በ1/30 ብቻ የሚስማማ ካሜራ የያዘ ሰው ግን ለዚያው ፀሐይ ቀዳዳውን እስከ 32 ማጥበብ ስላለበት፥ ያችው ፍላሽ ከአንድ ሜትር ከጥቂት በላይ አትደርስለትም። እንግዲህ በሌንሱ ውስጥ መዝጊያ ያለው ካሜራ የያዘ ሰው በርካሽ ፍላሽ የውድ ፍላሽ ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

እኔ በምርጫዬ ጊዜ በፊቴ ሦስት መንገድ ነበረ። መጀመሪያው ሜትስ 45 የሚባለው፥ በጎን እንደ መዶሻ እጀታ የሚያዝ የጀርመን ፍላሽ ነው። መሪ ቁጥሩ 45 ነው፤ በሠርግ ቤት ለብዙ ዘመን ያገለገለ፥ የተመሰገነ ዕቃ ነው። ነገር ግን ከባድ ነው፤ አንዳንዱም የራሱ ልዩ ባትሪ ይፈልጋልና ያ ባትሪ ካረጀ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለተኛው ዛሬ በቻይና አገር የሚሠሩት እንደ ዮንግኑዎና ጎዶክስ ያሉት አዲስ ፍላሾች ናቸው። ዋጋቸው መካከለኛ ነው፤ ኃይላቸውንም በእጅ ከሙሉ እስከ መቶ ሃያ ስምንተኛ ክፍል ድረስ መቀነስ የሚቻልባቸው አሉ። ሆኖም ርካሽ ከሆኑት ብዙዎቹ የብርሃኑን ልክ ራሳቸው አይመጥኑም። በሣጥኑ ላይ የተጻፈውም ትልቅ መሪ ቁጥር ብርሃኑ ጠብቦ ሩቅ በሚወረወርበት ጊዜ የተለካ ነው፤ ለእኛ ሌንስ በሚበቃ ስፋት ሲከፈት ቁጥሩ ብዙ ይወርዳል። ገዢ ይህን ሳያይ ቁጥር ከቁጥር ባያወዳድር መልካም ነው።

ሦስተኛው በ1970ዎቹ ዓመታት ወጥቶ በብዛት የተሸጠው ቪቪታር 283 ነው። መሪ ቁጥሩ 36 ያህል ነው። በየሱቁ የሚገኘውን አራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። በፊቱ ትንሽ ዓይን አለችው፤ ከሰውየው የሚመለሰውን ብርሃን እያየች በቃ ባለች ጊዜ ብርሃኑን ትቈርጣለች። ራሱም ወደ ላይ ይቀናል። ብዙ ስለ ተሠራ አሮጌው በጥቂት ገንዘብ ይገኛል።

ከሦስቱ የትኛውን ልያዝ ብዬ ሳመነታ ነገሩን የቈረጠልኝ የነጋዴ ምክር አልነበረም። በአጥቢያችን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ አንድ መምህር አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ፎቶግራፍ ላነሣቸው ፈቃዳቸውን በጠየቅሁ ጊዜ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፥ ለመነሣቱስ እነሣለሁ። ነገር ግን ያንን መብረቅ በዓይኔ ላይ አትልቀቅብኝ። በሠርግ ቤት አንድ ጊዜ ለቀውብኝ እስከ ማታ ድረስ ጥቍር ነገር በፊቴ ሲዞር ዋለ።»

«የኔታ፥ ብርሃኑን ወደ ኮርኒሱ ብልከውና ከዚያ ተመልሶ ቢወርድ ይፈቅዳሉ?» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም ብለው አሰቡና «እንግዲያስ በደመና ውስጥ እንዳለ ፀሐይ ነው በለኛ። እርሱስ ደግ ነው» አሉ።

በዚህ ቃል ምርጫዬ ተለየ። የሚያስፈልገኝ ከሁሉ የበረታው ፍላሽ ሳይሆን ራሱን ቀና የሚያደርግ፥ ራሱ ቀና ባለ ጊዜም ዓይኑ ወደ ሰውየው እንደ ተመለከተ የሚቀር ፍላሽ ነው። አሮጌውን ቪቪታር በዘመድ እጅ ከውጭ አስመጣሁ፤ የተረፈውም ገንዘብ ለፊልምና ለወረቀት ሆነ። አሮጌ ቤታችን ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነው፤ ይህም ሳያስቡት ለፎቶግራፍ አንሺ የተዘጋጀ መልካም የብርሃን መመለሻ ነው። ሒሳቡም እንዲህ ነው፤ በ400 ፊልም መሪ ቁጥሩ 72 ነው፤ ብርሃኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው መንገድ 4 ሜትር ቢሆን ቀዳዳው 18 ይሆናል፤ አቡጀዲው የሚበላውንና የሚበትነውን ሁለት እርከን ያህል ስንቀንስ 8 ላይ እንደርሳለን። ለአንድ ተቀማጭ ሰው ቀዳዳ 8 እጅግ የሚበቃ ነው። አቡጀዲው በጢስ ቢጫ ሆኖ ቢሆን ወይም ግድግዳው አረንጓዴ ቢቀባ ባለ ቀለም ፊልም ያንን ቀለም በፊት ላይ ያመጣዋል፤ በጥቍርና ነጭ ፊልም ግን ጉዳት የለውም።

የኔታ በጋቢያቸው ተጠቅልለው፥ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሥዕሉ ታትሞ በመጣ ጊዜ ወደ መስኮቱ አስጠግተው፥ ከዓይናቸው አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይዘው ቈዩ። ከዚያ በኋላ «ይህ አባቴ ነው» አሉ። ሳይታወቃቸው በእርጅና አባታቸውን መስለው ነበርና። አባታቸው አንድ ሥዕል እንኳ ሳይቀርላቸው ያለፉ የገጠር ቄስ ነበሩ። ለወንድማቸው ልጆች የሚልኩት ሁለተኛ ቅጂ እንዳትምላቸው ለመኑኝ። እንግዲህ የፍላሽ ዋጋ ምን ያህል ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር እኔ ከዚህ ሌላ ሒሳብ አላውቅም።

አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ግን ዓይኑን ይክፈት። የባትሪ ማስገቢያው በአረንጓዴ ዝገት ተበልቶ እንደ ሆነ ይመልከት። ለብዙ ዓመት ሳይሠራ የተቀመጠ ፍላሽ ኃይሉን የሚያጠራቅምበት ዕቃ ይሰንፋልና፥ ባትሪ አግብቶ አብርቶ ጥቂት ጊዜ ያቆየው፤ ከዚያም ደጋግሞ ያብራው። መብራቷ ቶሎ የማትመለስ፥ ድምፁም የሚንተባተብ ከሆነ ይተወው። ከፊተኞቹ የቪቪታር ሥራዎች በመገናኛው ላይ ከ200 ቮልት በላይ የሚያሳልፉ አሉ፤ የድሮ መካኒካል ካሜራ ይህን ይችላል፥ ከዛሬዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች ግን የሚበላሽ አለና ማንም ሳይለካ አያጋጥመው። ያሺካ ማት ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የመገናኛ ሽቦ ያስፈልጋል። በካሜራው ላይ ኤም እና ኤክስ የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። ኤም ለድሮው የሚነድ አምፑል ነው፤ አምፑሉ እስኪግል ድረስ መዝጊያውን ጥቂት ያቆየዋል። የኤሌክትሪክ ፍላሽ ግን በኤክስ ላይ መሆን አለበት፤ በኤም ቢሆን ብርሃኑ መዝጊያው ሳይከፈት አልፎ ሥዕሉ ባዶ ይቀራል።

ይህንንም ፊልም ሳያጠፉ መመርመር ይቻላል። ካሜራውን ያለ ፊልም ከኋላ ይክፈቱት፤ ቀዳዳውን በሙሉ ከፍተው ፍጥነቱን 1/500 አድርገው ወደ ነጭ ግድግዳ ፍላሹን ያብሩ። ከኋላ ሲያዩ ሙሉ ክብ የሆነ ብርሃን ከታየ ሁሉ ደኅና ነው።

ስለ አገራችን ልብስና መልክ ደግሞ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ይህ በባዕድ አገር የመመሪያ ወረቀት ላይ አይገኝምና። የፍላሹ ዓይን ነጭና ጥቍር ለይታ አታውቅም፤ የተመለሰላትን ብርሃን ብቻ ትቈጥራለች። ሰውየው ነጭ ጋቢ ለብሶ፥ ካህኑም ነጭ ጥምጥም ጠምጥሞ በተቀመጠ ጊዜ ከጨርቁ የሚመለሰው ብርሃን ያታልላትና ፊቱ ሳይበራ ትቈርጣለች። ጋቢው አምሮ ፊቱ ይጠፋል። ስለዚህ ነጭ ልብስ ሥዕሉን በሞላው ጊዜ ቀዳዳውን ዓይኗ ካዘዘችው አንድ እርከን መጨመር ይገባል፤ ፊልሙ ለብርሃን ትርፍ ታጋሽ ነው፥ ለጉድለት ግን ታጋሽ አይደለም። ዳግመኛም የብር መስቀልና በወርቅ የተጠለፈ ካባ ብርሃኑን እንደ መስተዋት ይመልሳሉና፥ ወደ ኮርኒስ መላክ በማይቻልበት ቦታ ፍላሹን በረዥም ሽቦ ከካሜራው ወደ ጎን ማራቅ መልካም ነው።

በመጨረሻ፥ ይህን ብርሃን የያዘ ሰው የት እንደማያበራውም ይወቅ። በቅዳሴ ጊዜ፥ ካህናት መጋረጃውን ገልጠው በሚወጡበት ሰዓት፥ አንዳንድ አንሺዎች ምእመናንን እየገፉ ሲያብለጨልጩ እናያለን። የሚጸልየው ሰው ልብ በዚያች ቅጽበት ከጸሎቱ ይነጠቃል፤ የተነጠቀውንም በፎቶግራፍ መመለስ አይቻልም። የኔታ ዓይናቸውን ስለ መጠበቅ የለመኑት ልመና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለተሰበሰበው ሁሉ የሚሠራ ይመስለኛል። ከቅዳሴ በኋላ፥ በደጀ ሰላም፥ ፈቃድ ጠይቆ፥ ከአንድ ጊዜ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይ ሳያበሩ ማንሣት ይቻላል። ሪስ ያለ ፈቃድ በጨለማ ያነቃቸው ድኾች ቢያንስ ለጥቅማቸው ነበር፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናስደነግጠው ለራሳችን ደስታ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። አሮጌ ካሜራ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሰው፥ ታላቅ ፍላሽ እስካገኝ እያለ ቀን አይቍጠር፤ ሽማግሌዎቹ እርሱን አይጠብቁትምና። አንዲት ራሷን የምታቀና ፍላሽ፥ አራት የባትሪ ድንጋይ፥ አንድ የመገናኛ ሽቦና አንድ ጥቅል ፊልም ይበቁታል። በእያንዳንዱ አጥቢያ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ቢገኝ፥ ከእንግዲህ የሚለዩን አባቶችና እናቶች ከነፊታቸው ይቀሩልናል።